ጣሳ

አራብሳ ላይ ውኃ እንደ ሩቅ ዘመድ
በአሥር ቀን አንዴ ነው የሚያስታውስ መንገድ፤
እሱም በውድቅት፣ ሰው መተኛቱን አይቶ፣
ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ሳይሰናበት ወጥቶ።
ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ጉልበቱም አይበቃ፣
እያለከለከ እዚያው ይቀራል፣ በቃ።

ብሎክ መቶ አርባ ሦስት፣ ግራውንድ፣ በስተግራ፣
እትዬ ደብሪቱ፤
ሃያ ስምንት ዓመት ክር ፋብሪካ ሠርታ፣
አንደኛውን ጆሮ ለማሽን ጩኸት ሰጥታ፣
የቀረውን ይዛ የወጣች ጡረታ።

ማታ ማታ፣ ከተከፈተው ቧንቧ ሥር፣
የቲማቲም ጣሳ ደፍታ ነው የምታድር፤
ደህናውን ጆሮዋን ወደ ላይ አድርጋ፣
ጎኗን ታሳርፋለች እንጂ አትተኛም፣ እስኪነጋ።

የመጀመሪያው ጠብታ ኳ! ሲል ጣሳው ላይ፣
ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ በባትሪ፣ ወደ ላይ፤
ሕፃን ላለበት ቤት በጥፍሯ፣ ቀስ ብላ፣
ለእኛ ላጤዎቹ በጡጫ፣ በዱላ።

ሐዋ አራስ ነበረች፣ ባሏ ጅቡቲ መስመር፤
የእሷንም ጀሪካን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በእግር፣
እያረፈች — አስቡት፣ በስድሳ ስምንት ዓመቷ —
ታወጣው ነበረ፣ እያፏጨ ደረቷ።

እኔ ግን አኩርፌያት ነበር።
በጥበቃ መዋጮ፣ በሁለት መቶ ብር፣
ስብሰባ መሐል አፌ አመለጠኝና
«ደንቆሮ!» አልኳት።
ትስማ አትስማ እንጃ፤ ዝም ነው ያለችው።
በኋላ ሳስበው፣
በደህናው ጆሮ በኩል ነበር የተቀመጥኩት።

በሬ ላይ ጥቅስ አለ፣ ስለ ፍቅር፣ በወርቅ ቀለም፤
ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ግን ሰላምታ እንኳ የለም።
አራት ወር።

አንድ ማለዳ፣ ከቦሌ ለሚ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣
የሐምሌን ጭቃ በካልሲዬ ጭምር ይዤ መጥቼ፣
ሦስት ቢጫ ጀሪካን በሬ ላይ ተደርድሮ፣
ክዳን የጠፋው አፍ በፌስታል ታስሮ፣
አገኘሁ። አንዱ ላይ «ደ» ተብሎ በሚስማር ተጭሯል፤
ጥቅሱ እንደተለጠፈ፣ ውኃው ከሥሩ ተቀምጧል።

ወረድኩ። ሽንኩርት ትልጣለች።
«እትዬ፣ ለምን?» አልኩ።
ቀና ሳትል፣ «ውኃ ማኩረፍ አያውቅም፣ ልጄ» አለች።
«ጀሪካኖቼን ግን ዛሬውኑ መልስ።»
ሌላ አልተናገረችም፤ ጥቅስ የለ፣ ምክር የለ፤
ሽንኩርቱ ነው መሰለኝ፣ ዓይኔን ያቃጠለ።

የዚያን እሑድ፣ ስለ አንዲት ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነበብ፣
ሰው «አሜን» ይላል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ሂሳብ ሳስብ፦
ሃያ ሊትር፣ ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ፎቅ፣ አንድ ስድብ።

መስከረም ላይ፣ ልጇን ልታርስ፣ ደብረ ብርሃን ሄደች።
በሦስተኛው ሌሊት ውኃው መጣ። ሄደ። ማንም አልነቃ።
ጠዋት ብሎኩ ሁሉ ባዶ ባልዲ ይዞ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ፣
«አንተ አልሰማህም?» «አንቺስ?» ተባባለ፣ ተፋጦ፣ ተገርሞ።
ለካ ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ ደወል እያለን፣
አራት ፎቅ ሙሉ ሰው በአንድ ጆሮ ነበር የምንኖር፣ ተጠልለን።

ጣሳ ቲማቲም ገዛሁ። ሦስት ቀን ማካሮኒ በላሁ።
አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከቧንቧዬ ሥር ደፋሁ።
እንቅልፍ የሚባል አልመጣም፤
በሁለት ደህና ጆሮ
እሷ በአንዱ የሰማችውን መስማት እንዴት ይከብዳል!

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፦
ኳ!

ሦስተኛ ፎቅ። የሐዋ በር። በጥፍሬ፣ ቀስ ብዬ።
«ማነው?» አለች፣ እሹሩሩዋን ሳታቋርጥ።
ስሜን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር።
«ውኃ» አልኩ።
«ጀሪካኑን አቀብዪኝ።»